ሻለቃው ሜዳሊያውን ያወለቀበት ቀን

ይህ የሆነው በታላቅ ወንድሜ በያሬድ ሙት ዓመት ዕለት፣ ለንደን፣ ኬኒንግተን ባለው አፓርታማችን ውስጥ ነው። ኖቬምበር መጥቶ ሰዎች በጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ ኮታቸው ላይ ቀይ የወረቀት አበባ ሲያደርጉ ትዝ ይለኛል። ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ጸሐፊ አይደለሁም።

ያሬድ የእንግሊዝ ጦር ወታደር ነበር። አፍጋኒስታን ውስጥ የተሳፈረባት መኪና የተቀበረ ፈንጂ ላይ ወጥታ ሞተ። አዛዡ አንድ ሻለቃ ነበር። ከወራት በኋላ ይኸው ሻለቃ ለዚያው ቀን ሥራው ሜዳሊያ ተሸለመ። ታሪኩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። የት እንደተማረ፣ የት የት እንደዘመተ፣ እንዴት ቶሎ ቶሎ እንዳደገ። የወንድሜ ስም መጨረሻው ላይ ነበር። እሱንም አጣምመው ነው የጻፉት።

ጦሩ አደጋውን ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር ብሎናል። አብሮት የዘመተ አንድ የያሬድ ጓደኛ ግን ደውሎ ሌላ ነገር ነገረኝ። ያሬድ መንገዱ ደህና እንዳልሆነ ለሻለቃው በሬዲዮ ተናግሮ ነበር አለኝ። ለእናቴ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ይህን ከራሱ ከሻለቃው አፍ መስማት።

ሙት ዓመቱ ላይ ልገኝ ብሎ የጠየቀው እሱ ነው። እኔ አይምጣ አልኩ። እናቴ "ይምጣ" አለች።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። በሩ ሲንኳኳ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሙሉ ዩኒፎርሙን ለብሷል። ሜዳሊያዎቹ ደረቱ ላይ ተደርድረው ሲራመድ ይንቃጨላሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ ደረቱን አየ።

በእኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ሲኬድ ጌጥ ይወልቃል። የሟቹ ሽልማት ወጥቶ ይታያል እንጂ ለቀስተኛ አጊጦ አይመጣም። እናቴ የአንገት ወርቋንና ጉትቻዋን ካወለቀች ዓመት ሆኗት ነበር።

ኤርትራዊው ጎረቤታችን ጋሽ ተስፋይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ይሄ ሰውዬ ሠርግ የተጠራ መሰለው እንዴ? ንገረው እንጂ፣ አንተ እንግሊዝኛው ይቀናሃል።"

ነገርኩት። ደስ እያለኝ ነው የነገርኩት። ፊቱ ቀላ። ያደረገው ለያሬድ ክብር ብሎ እንደሆነ፣ በእነሱ ሥርዓት እንዲህ እንደሚደረግ ተናገረ። ለእናቴ ተረጎምኩላት።

ቀና ብላ አየችው። "ለልጄ ብሎ ከሆነ፣ ልጄ በሬዲዮ ምን እንዳለው ይንገረኝ" አለች።

ጠየቅኩት። ሻለቃው መሬት መሬቱን አየ።

"ጦሩ ያለውን ሰምተናል። እሱን አትድገምልን" አልኩት።

በመጨረሻ "መንገዱ ላይ የተቆፈረ ነገር እንዳየ ነግሮኝ ነበር" አለ። "ቀጥሉ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ይህን ወደ አማርኛ መመለስ ከበደኝ። ግን መለስኩት።

እናቴ አላለቀሰችም። በጣቷ ወደ ደረቱ ጠቆመች። ገባው። ሊያወልቃቸው ሲል መርፌው እምቢ አለው። ማንም አላገዘውም። እንደምንም አላቆ ኪሱ ከተታቸው።

"አሁን ይቀመጥ" አለች እናቴ። ወደ እኔ ዞር ብላ "ምግብ ስጠው" አለችኝ።

ሰጠሁት። ሳህኑን ፊቱ አስቀመጥኩለት። ብላ ግን አላልኩትም። በእኛ ቤት እንግዳ ሳይለመን አይበላም። እሱ ይህን አያውቅም፣ በላ።

ያን ቀን ለእኛ ያለውን ለአለቆቹ መናገሩን አልሰማሁም። ጦሩ የሚለውም አልተለወጠም። እሱ ኮሎኔል ሆኗል። ባለፈው ኖቬምበር የመታሰቢያው ሰልፍ ላይ በቴሌቪዥን አየነው። ያ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ነው፣ አጠገቡም አዲስ ተጨምሯል። ልዘጋው ሪሞቱን ሳነሳ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"ተወው" አለች። "እኔ ቤት አውልቆታል።"

እሷን በቅቷት ይሆናል። እኔን አልበቃኝም። እዚያ ሰልፉ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲያወልቀው ማየት ነው የምፈልገው።