ሁለት ቢምረው በአንድ ልደት

እኅቴ አገኘሁሽ ግትር ናት። ሮቫ ቫቭ በሚባለው ሰፈራችን የሚኖር ሁሉ ይመሰክራል፤ አብሬያት ስላደግሁ እኔ ከሁሉም በላይ አውቃለሁ።

በፈረንጆቹ 2004 ወደቡ አጠገብ ባለች ትንሽ የኮምፒውተር ድርጅት ለሙከራ ተቀጠረች። የሙከራዋ ጊዜ ሊያልቅ ሲል አለቃዋ ጋዲ አንድ ሥራ ሰጣት። ለአረጋውያን መዋያ የተሠራው የመረጃ ቋት ሰው መመዝገብ፣ መፈለግ፣ ማስተካከልና መሰረዝ መቻሉን የሚፈትሽ አጭር ፕሮግራም ጻፊ አላት። ከተሳካላት ቋሚ ትሆናለች፤ ካልተሳካላት ወደ ቤቷ።

ሌላ ሰው ቢሆን ለሙከራው የፈጠራ ስም ያስገባ ነበር። እሷ ግን ሁለቱን ዘመዶቻችንን አስገባች። ሁለቱም ቢምረው ይባላሉ። የወንድማማች ልጆች ስለሆኑ የአያታቸው ስም ለሁለቱም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፏል። በፈረንጆቹ 1991 ከኢትዮጵያ ወደዚህ አገር ስንመጣ ልደታቸውን በቀን የሚያውቅ አልነበረምና የተቀበለችን መዝጋቢ ለሁለቱም ጃንዋሪ አንድ፣ ያውም በአንድ ዓመት፣ ሞላችላቸው። እኛ ትልቁ ቢምረው፣ ትንሹ ቢምረው እያልን እንለያቸዋለን፤ ኮምፒውተሩ ይህን ከየት ይወቅ?

ትንሹን ሰርዝ ሲባል ትልቁም አብሮ ጠፋ።

ጋዲ ስህተቱ የእሷ እንደሆነ ነገራት። ስሙም ልደቱም አንድ የሆነ ሁለት ሰው የለም፣ ስሙን ቀይሪና ጨርሺ አላት። አንዱን ስም ብትቀይር ሁሉም ያልፍ ነበር፣ ሥራውም የእሷ ይሆን ነበር። እኔ ብሆን ያለ አንዳች ሐፍረት እቀይረው ነበር። እሷ ግን ስልክ አንሥታ ሁለቱንም ጠራቻቸው።

በአውቶቡስ መጡ፤ መታወቂያቸውንም ጋዲ ፊት አስቀመጡ። ጋዲ አንዱን አነበበ፣ ሌላውን አነበበ፣ ፊታቸውን አየ። በአንድ ቀን ነው የተወለዳችሁት ብሎ በዕብራይስጥ ሲጠይቅ አገኘሁሽ አስተረጎመች።

ትልቁ ቢምረው፣ «እኔ ስዳር እሱ ገና ጡት ይጠባ ነበር» አሉ።

ጋዲ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ፍለጋው በስምና በልደት መሆኑ ቀርቶ በመታወቂያ ቁጥር እንዲሆን አዘዘ። ፕሮግራሙ እንደገና ሲሠራ ትንሹ ተሰረዘ፣ ትልቁ ቀረ።

ትንሹ ቢምረው ስክሪኑን እያዩ፣ «እኔስ የታለሁ ልጄ?» አሏት።

«ተሰርዘዋል አባባ። የፈለግነውም ይህንኑ ነው።»

«እሱ መዋያ ሄዶ ሊጫወት እኔ ቤት ልቀር? መልሽኝ።»

ጋዲ ምን እንዳሉ ጠየቃት፤ ነገረችው።

«መልሻቸው» አላት፤ «አንቺን ደግሞ እኔ እመዘግባለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ክቪዑት አለሽ፣ ቋሚ ነሽ።»

ደውላ ስትነግረኝ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። በረንዳ ወጥቼ ሮቫ ቫቭን በእልልታ አናወጥሁት።