አስተያየት ያልሰጠ መታወቂያውን አይወስድም

ደባርቅ አውቶቡስ ተራ ጥግ፣ እኔ ልብስ ከምሰፋበት በረንዳ አጠገብ፣ አገርነሽ መጽሐፍ ታከራይ ነበር። ሱቋ ቆርቆሮ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። መታወቂያህን ታስይዛለህ፣ መጽሐፍህን ትወስዳለህ። ይህ የትም አገር ያለ ነው። የእሷ ግን አንድ ጣጣ ነበረው፤ ስትመልስ ምን እንዳሰብክ ካልተናገርክ መታወቂያህን አታገኝም። «ጥሩ ነው» ብሎ ማምለጥ የለም። «ምኑ ነው ጥሩ?» ትላለች፣ መታወቂያውን በሁለት ጣቷ ይዛ። ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ፣ ተሳፋሪ እየጮኸበት፣ በመጽሐፉ ውስጥ ስለተከዳች ልጃገረድ ቆሞ ሲያስረዳት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እኔማ እብደት ነው እላት ነበር። «አንተ ስፌትህን ስፋ» ትለኛለች።

አንድ ቀን ግን ከየት እንዳመጣችው ነገረችኝ። ባሏን ዓለምብርሃንን ዳባት ላይ በእርሻ ድንበር ጠብ ካሴ የሚባል ጎረቤታቸው ገደለው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። ካሴ ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። ከዚያ የካሴ ዘመዶች ዕርቅ ብለው ሽማግሌ ቢልኩ፣ የባሏ ወንድም ያርጋል ድንጋይ ተሸክመው የመጡትን ሽማግሎች ከደጅ አባረራቸው። እሷ ጓዳ ነበረች። «ብጠየቅ እኔም እምቢ እል ነበር» አለችኝ። «ግን አንድ ሰው እንኳ አንቺስ ምን ታስቢያለሽ አላለኝም።» ትንሽ ልጇን አንዳርጋቸውን ይዛ ደባርቅ ገባች፣ ሱቁን ከፈተች፣ ሰውን ሁሉ ምን ታስባለህ ማለት ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ስለ ደንቧ አልቀለድኩም። እሺ፣ ትንሽ ብቻ ቀልጃለሁ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው ካሴ ለፋሲካ በሚሰጠው ምሕረት ሊፈታ ነው የሚል ወሬ መጣ። ዘመዶቹ በደሙ ምክንያት ዳባትን ለቀው ከሊማሊሞ በታች ሰፍረዋል። ስለዚህ ከጎንደር መጥቶ እኛው ተራ ላይ ይወርድና መኪና ይቀይራል። ያርጋል ይህን ሲሰማ ሥራ አልያዘውም። በገበያው ቀን ሁሉ እየመጣ ከአንዳርጋቸው ጋር ሱቋ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። አንዳርጋቸው ያን ጊዜ ጢሙ የበቀለ ጎረምሳ ነው። «የአባትህ ደም ሜዳ ላይ ቀርቷል» ይለዋል፣ እናቱ እየሰማች።

«አያ ያርጋል፣ አንተስ እጅ የለህም?» አለችው አንድ ቀን።

«ልጅ እያለ ወንድም አይቀድምም፤ ወግ አለው» አላት፣ ፊቷን ሳያይ።

ደሜ ፈላ። ለፖሊስ ንገሪ አልኳት። «ፖሊስ አንድ ቀን ያስረዋል» አለች። «ልቡን ማን ያስርልኛል? ካሴ ባሌን ወሰደ። ይቅር አላልኩትም፣ አልልምም። ልጄን ግን አልደግምለትም፤ ሞቼ እገኛለሁ።» ይህን ስትል የመጽሐፎቹን አቧራ እያራገፈች ነበር።

ሰውን ሁሉ ያጨቃጨቀው የወንጀል መጽሐፍ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ጎንደር ሄዳ ከሌሎች ጋር ያመጣችው ነው፤ ሽፋኑ ላይ ግማሽ ፊት ተሥሎበታል። የአዲስ አበባ ሐኪም ነው ባለታሪኩ። የአባቱን ገዳይ ፈልጎ ያገኛል፣ ይገድለዋል፣ ማንም አይጠረጥረውም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሐኪሙ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ እንቅልፍ ያጣል፣ ሸሚዙን ያጥባል፣ ያጠበውን መልሶ ያጥባል፣ ደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማል።

ጉድ ፈላ። መምህር ታደለ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ለጥፎ መጣና የሰውን አእምሮ እንዲህ ገላልጦ ያሳየው የለም አለ። አንድ የሊማሊሞ ከባድ መኪና ሹፌር ተናዶ ሊሞት ነበር። «ገዳዩን ገና ሲጀምር የሚነግርህ ምን ዓይነት የወንጀል መጽሐፍ ነው? ምኑን ልጠብቅ?» ታደለም «የምትጠብቀው መቼ እንደሚፈርስ ነው» ብሎ መለሰለት። አንድ ቄስ ንስሐ የሌለበት ጸጸት ሰውን ከማድረቅ በቀር ምን ይፈይዳል አሉ። እኔ፣ ያ ሁሉ ሸሚዝ በእጥበት ከሚያልቅ ለእኔ ቢሰጠኝ ይሻል ነበር አልኩና መታወቂያዬን ተከለከልኩ። በኋላ ደረጃው ላይ ያለው ኮቴ እንዳስፈራኝ ስናገር ሰጠችኝ፤ እውነትም አስፈርቶኛል።

አገርነሽ ራሷ ያነበበችው ይህን ሁሉ ጭቅጭቅ ከሰማች በኋላ ነው። አንብባ ስትጨርስ ለልጇ ሰጠችው። ከማንኛውም ደንበኛ እንደምትቀበል መታወቂያውን ተቀበለችው።

አንዳርጋቸው ሲመልስ ያርጋልም ነበር። ያርጋል ማንበብ አይችልም፤ ልጁ ተርኮለታል። «ውሸት ነው» አለ አንዳርጋቸው። «ደሙን የመለሰ ሰው ለምን ያብዳል? አባባ ሀብተ ሚካኤል አብደዋል?»

ያርጋል ጭኑን መታ። «ተናገር እንጂ!»

አባባ ሀብተ ሚካኤልን የማያውቅ የለም። በጃንሆይ ጊዜ የወንድማቸውን ደም መልሰው፣ ታስረው ወጥተው፣ ከዚያ ሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ በሚባለው ቦታ፣ የፓርክ ጥበቃ ሆነው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሠርግ ላይ ፎካሪ ሲነሣ የእሳቸውን ስም ሳይጠራ አይቀመጥም።

አገርነሽ የልጇን መታወቂያ ወደ መሳቢያው መለሰችው። «ይህ የአጎትህ አስተያየት ነው» አለችው። «የራስህን ስታመጣ ትወስዳለህ።» ልጁ ተቆጥቶ ወጣ።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። አባባ ሀብተ ሚካኤልም ያንን መጽሐፍ ተከራይተው ነበር። ዳዊት የደገሙ ስለሆኑ ያነባሉ። ሲመልሱ አገርነሽ እንደ ደንቧ ጠየቀቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «መታወቂያዬ እዚሁ ይቀመጥ እንግዲህ» ብለው ሄዱ። ከጥቂት ቀን በኋላ መጥተው ያንኑ መጽሐፍ ደግመው ወሰዱ። ጎንደር ልጃቸውን ሊጠይቁ ነበር፤ ያለ መታወቂያ ኬላ ላይ ያስቸግራልና ቀሩ። ይህን አገርነሽ ልብ አለችው። እኔ መቼም ሰው ሲያረጅ ግትር ይሆናል ብዬ አልፌው ነበር።

ካሴ የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ እንደሚመጣ በታወቀ ጊዜ፣ ዓርብ ጠዋት፣ «መቀሱን አስቀምጥና ተከተለኝ» አለችኝ አገርነሽ። አባባ ሀብተ ሚካኤል ቤት ሄድን። ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ መጽሐፉ ጉልበታቸው ላይ ነው። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና ጉዳዩን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። «ልጄ በእርስዎ ስም ነው የሚምለው። መጽሐፉ ውሸት ከሆነ ነገ ተራ መጥተው ውሸት ነው ይበሉት። እውነት ከሆነም እውነት ነው ይበሉት። ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ልጄ፣ አገር በእኔ ስም ይፎክራል» አሉ። «እርጅናዬን የያዝኩት በዚያ ነው። እሱንም ላፍርሰው?»

«የእኔ አንድ ልጅ ነው፣ አባባ። ፉከራ አይደለም።»

መጽሐፋቸውን መልሰው ገለጡ። መንገድ ላይ፣ አይመጡም አልኳት። «ቢመጡም ባይመጡም ነገ ሱቄን እከፍታለሁ» አለች።

ቅዳሜ ከፈተች። ያርጋል ረፋዱ ላይ ደረሰ፤ ጋቢው ሥር ያለውን ነገር መላው ተራ ያውቀዋል፣ ሁሉም እንዳላየ ሆኗል። አንዳርጋቸው አጠገቡ ተቀመጠ። ከንፈሩ ደርቋል። አገርነሽ ውሃ ሰጠችው፤ ጠጣ። የጎንደሩ አውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስ ጎማ ፈንድቶበት ዘግይቷል ተባለ። እኔ አንዱን ሱሪ ስፈታና ስሰፋ ዋልኩ፤ የማን ሱሪ እንደነበር እንኳ አላስታውስም።

ከቀትር በኋላ አባባ ሀብተ ሚካኤል ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ሰው ሁሉ ተነሣላቸው። ያርጋል ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ለምርቃት የመጡ መስሎታል። መጽሐፉን ለአገርነሽ ሰጧትና አግዳሚው ላይ፣ በያርጋልና በልጁ መካከል ተቀመጡ።

«አስተያየቴን ልሰጥ ነው የመጣሁት» አሉ።

«እሺ አባባ፣ ምን አሰቡ?» አለች። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነበር።

«የጻፈው ሰው ገድሎ አያውቅም። ከገደለ ሰው ግን ሰምቷል። እንቅልፉ እውነት ነው፣ ኮቴውም እውነት ነው።» ወደ አንዳርጋቸው ዞሩ። «እኔ የገደልኩት ሰው የሺዋስ ይባላል። ሠርግ ላይ ስሜን ሲያነሡ የሱንም ያነሣሉ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ከገደልኩት ቀን ጀምሮ ብቻዬን በልቼ አላውቅም፣ ልጄ። ማዕድ በቀረበ ቁጥር የሺዋስ ከፊቴ ይቀመጣል። ገና ጎረምሳ ነው። እኔ አረጀሁ፣ እሱ አላረጀም።»

ያርጋል አንገቱን ደፋ።

«ውሸቱ መጨረሻው ላይ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሐኪሙ እጁን ለፖሊስ ሰጠና ተኛ ይላል። እኔም ሰጥቻለሁ፣ ታስሬያለሁም። አይተኛም። ሁለቴ ያነበብኩት ያንን ቦታ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ነው።»

የአውቶቡሱ ጡሩምባ የተሰማው ያን ጊዜ ነው። ያርጋል ቀና ብሎ «ተነሣ» አለ፤ አባባ ሀብተ ሚካኤል ጋቢው ላይ፣ ከሥሩ ጠንካራው ነገር ባለበት፣ እጃቸውን አሳረፉ። የሳቸውን እጅ የሚያነሣ ሰው ደባርቅ ላይ አልተፈጠረም። አንዳርጋቸው ግን ተነሣ። ወደ አውቶቡሱ አየ፣ ወደ እናቱ አየ። አልለመነችውም፣ አላለቀሰችም፤ መስኮቷ ላይ ቆማ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ጠበቀችው።

«መጽሐፉን ስጪኝ» አላት። «በደንብ አላነበብኩትም።»

ሰጠችው። ጀርባውን ለተራው ሰጥቶ የእኔ በረንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ገለጠ። ካሴ ወረደ። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ፌስታል የያዘ ሰው ነው፤ ጎረምሳ ሆኖ እስር ቤት የገባው እሱ ነው ብሎ የሚያምን የለም። የሊማሊሞ መኪና የቱ ነው ብሎ ጠየቀና በአጠገባችን አለፈ። አገርነሽ ዓይኗን ሳትነቅል መኪናው ውስጥ እስኪገባ አየችው። ልጁ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ገጽ አላገላበጠም።

አባባ ሀብተ ሚካኤል መታወቂያቸውን ተቀብለው ሄዱ። ያርጋልም ጋቢውን እንደያዘ ወደ ዳባት ተሳፈረ፤ ማንንም አልተሰናበተም። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ ፎካሪ የሽማግሌውን ስም ሊያነሣ ሲል እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙታል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንዳርጋቸው መጽሐፉን የመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። እናቱ መታወቂያውን አወጣችና በሁለት ጣቷ ያዘችው። «ምን አሰብክ?»

«ሐኪሙ እናት የለውም» አለ። «ደራሲው ገና ሲጀምር ገድሏታል። እናቱ ብትኖር ኖሮ ይህ መጽሐፍ አይጻፍም ነበር።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችውም። መታወቂያውን ሰጠችው።