የጋሽ ዘካሪያስ ሙክት

ሰፈሩ በሙሉ ዘካሪያስን ጋሽ እያለ አንቱ ይለዋል። እኔ አልለውም። የሌላውን ድካም ሲጎርስ በዓይኔ ካየሁ ወዲህ አንቱታው ከጉሮሮዬ አልወጣ ብሏል።

ነገሩ የሌንሳ ነው። ሌንሳ የአቶ ቃልቤሳና የጠጄ ልጅ ናት፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ነን። አቶ ቃልቤሳ ድሮ እዚሁ አካባቢ ጤፍና ሽምብራ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ፤ ዛሬ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃ ናቸው። ልጅቷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ የተመደበችው ሩቅ አገር ነበር። እሷ የምትመኘው ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለውን፣ ከአገሩ ተማሪ ጥቂቱን ብቻ መርጦ የሚቀበለውን ዩኒቨርሲቲ ነው። ከበረንዳችን ላይ አጥሩ ይታያል። ያኔ ለጥቂት አመለጣት።

አንደኛ ዓመትን እዚያው ሩቅ አገር በጥሩ ውጤት ጨረሰች። ለክረምት ስትመጣ፣ ይኸኛው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ለጎደሉት ጥቂት ቦታዎች የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በፈተና አወዳድሮ እንደሚያዛውር ሰማች። ከዚያ ወዲያ ልጅቷን የፈለገ የሚያገኛት ኮሚናል ውስጥ ነው። ኮሚናል የምንለው ልብስ የምናጥብበት፣ በዓል ሲመጣም በግ የምናርድበት የጋራ ቤታችን ነው። ቤታቸው ጠባብ ነው፤ ቴሌቪዥኑ አይዘጋም፣ እንግዳ አይጠፋም። ስለዚህ የደም ሽታ በማይለቀው ሲሚንቶ ላይ በርጩማዋን አስቀምጣ፣ ጋቢ ደርባ፣ ሂሳብና ፊዚክስ ትሠራለች። ታናሽ እህቷ ከውሲም አጠገቧ ቁጭ ብላ የራሷን ታጠናለች፤ በሚቀጥለው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። የኩሽናዬ መስኮት ወደዚያው ስለሚያይ አንድም አላመለጠኝም። ልብስ አጣቢዎቹ ውሃ ሲረጩባት በርጩማዋን አንስታ ወደ ሌላው ጥግ ትሄዳለች እንጂ አትጣላም። እኔ ብሆን ባልዲውን በላያቸው ላይ እደፋው ነበር።

ጎረቤቱ ይስቅባት ነበር። «ሰው ሳትይዢ? እዚያ ዩኒቨርሲቲ?» ይሏታል። ሰው ማለት እንግዲህ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ዘመድ፣ ወይም የዘመድ ዘመድ ነው። አንዷማ «ሐኪም ቤት ሄደሽ ቆላው አልተስማማኝም በይና የመዛወሪያ ወረቀት አጽፊ፤ እንዲህ ከምትደርቂ» ብላ መከረቻት። ጤነኛዋን ልጅ በሽተኛ ሁኚ ማለት ምክር ሆኖ አረፈው!

በዚህ መሀል ነው ዘካሪያስ የገባው። ዘካሪያስ ሁለት ስልክ ይዞ የሚዞር የሰፈራችን ሰው ነው። ቢሮ ይሠራል ይባላል፤ ምን ቢሮ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። የሰውን ጉዳይ ይሰማና «ግዴላችሁም፣ እዚያ ሰው አለኝ፤ እደውላለሁ» ይላል፤ ለነሌንሳም ያንኑ አላቸው። ከተሳካ እሱ ነው ያሳካው። ካልተሳካ «ዘግይታችሁ ነገራችሁኝ» ነው መልሱ። እንዲህ ያለው ንግድ ኪሳራ አያውቅም።

ሌንሳ ተፈተነች፤ አለፈች። ጠጄ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እኔም እያለቀስኩ ልጅቷን አቅፌ ሳምኳት። ወዲያው ዘካሪያስ ደረጃውን እያለከለከ ወጣና «አላልኳችሁም?» አለ። በቃ፣ ሥራው ይቺው ናት። አቶ ቃልቤሳ እዚያው ጉልበቱን ሊስሙት ምንም አልቀራቸው። በሳምንቱ ለክብሩ ሙክት ተገዛ።

ሙክቱ የታረደው የት ይመስላችኋል? ኮሚናል ውስጥ፣ ሌንሳ በርጩማዋን የምታስቀምጥበት ቦታ ላይ። የኩሽናዬን መስኮት ዘጋሁት። ሽታውን ሸሽቼ አይደለም፤ ሽታውንማ ለምጄዋለሁ።

ግብዣው ላይ ዘካሪያስ ከሁሉ በላይ ተቀመጠ፤ ከሥጋው ምርጥ ምርጡ ለእሱ ተቆረጠ። ቅባቱ እስከ አገጩ እየወረደ «ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ስንቱን ደጅ ጠናሁላት» ይላል። ሰው ሁሉ «እግዜር ይስጥልን» ይለዋል። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ። የእኛው ጅብ ግን አመካኝቶም፣ ተመርቆም ይበላል።

ሌንሳ ወጥ እየጨመረች ነበር። ጭልፋውን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? የገባሁት የትኛው ትምህርት ክፍል ነው?»

ዘካሪያስ ጉርሻውን እስኪውጥ ጊዜ ወሰደ። «ያው… ሕክምና ነዋ!» አለ።

«እዚያ ሕክምና የለም። የገባሁት ኬሚካል ምህንድስና ነው። ማንም አልደወለልኝም። ክረምቱን ሙሉ ኮሚናል ውስጥ ስሠራ ሁላችሁም አይታችሁኛል።»

አሁን ያፍራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ባያፍር እንኳ ሌላው ያፍርለታል ብዬ ጠበቅኩ። ምድር ቤት ሱቅ ያላት በላይነሽ ከት ብላ ሳቀች። «አይ ልጅነት! ጋሽ ዘካሪያስ የስንቱን ጉዳይ ተሸክመው ያንቺን ክፍል ያስታውሱ?» ቤቱ በሳቅ አውካካ። ዘካሪያስም አብሮ ሳቀ። ይባስ ብለው ሲወጣ ደረጃው ላይ ከበው የየልጆቻቸውን ስም ይነግሩት ጀመር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! የተሰጠኝን ሥጋ እንዳለ ወስጄ ለግቢው ውሻ ጣልኩለት።

በማግስቱ አቶ ቃልቤሳ ሌንሳን በረንዳው ላይ አስቀመጧት። የእኔም በረንዳ ከእነሱው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ልብስ እያሰጣሁ ሰማሁ፤ ልግባ አላልኩም።

«ልጄ፣ ራስሽ እንደሠራሽው አውቃለሁ። ዓይን የለኝም መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን አባባ? ለምን የኔን ለእሳቸው ሰጠህብኝ?»

«ከውሲ ትፈተናለች። ሰውዬው መክፈት ባይችሉ፣ መዝጋት ቢችሉስ?» አሏት። ድምፃቸው ወረደ። «መሬቴ ሲወሰድ ሰው አልነበረኝም። ያን ጊዜ አንድ በግ የምወስድለት ሰው ባውቅ ኖሮ እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የምኖረው።»

ሌንሳ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ነገራቸው ገብቶኛል፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

ትምህርቷን ጀመረች። ግቢው ቅርብ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ትላለች። የገና ሰሞን መጥታ ሁለት በርጩማ ይዛ ኮሚናል ወረደች፤ ከውሲን ልታስጠናት ነው። ብትጠብቅ ብትጠብቅ ከውሲ አልመጣችም። በኋላ በርጩማዎቹን እንደያዘች ተመልሳ ወጣች። እኔ የጠጄን ወንፊት ልመልስ ገብቼ እዚያው ነበርኩ። ከውሲ ቴሌቪዥኑ ፊት ተጋድማ ሱፍ ትቆረጥማለች።

«ተነሺ እንጂ! ጊዜው እኮ እየሄደ ነው» አለቻት ሌንሳ።

ከውሲ ዓይኗን እንኳ ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም።

«ምን አስጨነቀኝ? የኔ ሙክት እኮ ትናንት ሄዷል። አባባ ራሱ ነው ለጋሽ ዘካሪያስ ጎትቶ የወሰደላቸው።»