የእናቴን ንፍፊት የቀበርኩበት

ቡሬ አጠገብ ባለው አጥቢያችን፣ ከጽዱ ሥር፣ እናቴ ሁለት ጊዜ ተቀብራለች። መጀመሪያ የቀበርኳት እኔ ብቻዬን ነኝ።

ፍኖተ ሰላም ላይ ጡቷ በቀዶ ጥገና ሲወጣ ሐኪሙ ሁለት ዕቃ ሰጠኝ፤ በትልቁ ጡቷ፣ በትንሹ ብልቃጥ ደግሞ ከብብቷ የወጡት ንፍፊቶች፣ እንዳይበሰብሱ በማቆያ ፈሳሽ ተነክረው፣ ነበሩ። ሁለቱንም ባሕር ዳር ላቦራቶሪ እንዳደርስ አዘዘኝ። እናቴ ግን እንደነቃች እጄን ይዛ፣ «ሥጋየን የከተማ ውሻ እንዳይጎትተው። አጥቢያየ ቅበርልኝ፤ በትንሣኤ ጎዶሎ ሁኜ እንዳልነሣ» አለችኝ።

እኔ ብልጥ ነኝ ባይ፣ ሁለቱንም ላስደስት ብዬ ትልቁን ለላቦራቶሪ ሰጠሁ፣ ትንሹን ከነብልቃጡ ቀበርኩ። ንፍፊት ምን ቁም ነገር አለው? ልጆች ሳለን እሾህ ሲወጋን ብሽሽታችን ላይ ያብጣል፤ እሷው በቅቤ ታሽልናለች፣ በሦስተኛው ቀን የለም።

ውጤቱን ይዤ ስመለስ ሐኪሙ ወረቀቱን ገለበጠና የብብቷስ የት አለ አለኝ። ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ካንሰሩ ከጡቷ ወጥቶ መንገድ መጀመሩን የሚናገሩት እነዚያ ንፍፊቶች እንደሆኑ፣ ስንቶቹ እንደተነኩ ከታወቀ ምን ያህል እንደምትቆይ በግምትም ቢሆን ማየት እንደሚቻል አስረዳኝ። ቆፍሬ እንዳመጣው ለመነኝ፤ ካልሆነም እንደተነኩ ቆጥረን የካንሰሩን መድኃኒት ትጀምር አለ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። የተቀበረ ሥጋ ማውጣት ግን በእኛ አገር ነውር ነው፤ እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች ብዬ ፈራሁ። መድኃኒቱንም እሷ ትፈራዋለች፤ ፀጉር ያራግፋል፣ አልጋ ላይ ይጥላል ብለዋታል።

«ሐኪሙ ምን አለ? ወደ ሌላ ዘልቋል?» አለችኝ።

«አልዘለቀም» አልኳት።

መረቀችኝ። መድኃኒቱንም ተወችው። ከዚያች ቀን ወዲህ ምርቃት ሲጀመር ተነሥቼ እወጣለሁ።

በሁለተኛው ዓመት፣ አጨዳ ሳያልቅ፣ በሳል ተይዛ ሞተች። ከሥጋዋ ጎን እንድትቀበር ተናዝዛ ስለነበር ለቆፋሪዎቹ ቦታውን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ዶማው ብልቃጡን ገፋ አድርጎ አወጣው። አልተሰበረም። ንፍፊቶቹ በማቆያው ፈሳሽ ውስጥ ትናንት የወጡ ይመስላሉ፤ ላቦራቶሪ ብወስዳቸው ዛሬም መልሱን ይናገራሉ።

ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ ከጎኗ አስቀመጥኩት። አፈሩንም ቀድሜ የመለስኩት እኔ ነኝ። ለቀስተኛው የእናቱን ቃል ጠበቀ እያለ አመሰገነኝ።