ከሣር ወደ ቆርቆሮ

ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የማነብ፤ ቃል አላልፍም። ስለ ሕንፃ ጥበብ ከተጻፉት የጥናት መጻሕፍት አንዱ፣ ክብ አብያተ ክርስቲያናት የሣር ክዳናቸውን በቆርቆሮ የለወጡት ለጥንካሬው ሲሉ ነው ይላል። ሊሆን ይችላል። በማንኩሳና በቡሬ መካከል ያለችው የእኛ ደብር ግን በጣልያን ጊዜ እንዴት እንደለወጠች በዓይኔ አይቻለሁ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። የደብሩ ገበዝም እሳቸው ስለነበሩ ንዋዩም ሕንፃውም በእጃቸው ነው። በዚያ በጋ ክዳኑ አርጅቶ ሰማይ ያሳይ ጀመር። ክዳን የሚያውቁት ወንዶች ጫካ ገብተዋል፤ የሜዳውን ሣር ደግሞ የቡሬው ጦር ሰፈር ለበቅሎዎቹ አጭዶ ወስዶታል። ክረምት ከገባ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች መታጠባቸው ነው። አባቴን እንቅልፍ የነሣቸው ይኸው ነበር።

የጣልያኑ ሹም አስተርጓሚውን ላከ።

"ቆርቆሮ ይሰጣችኋል። ሥራው ሲያልቅ ሹሙ ይመጣል፤ ሕዝቡ ወጥቶ እጅ ይነሣዋል" አለ።

"ታቦቱ ሣር ለምዷል" አሉ አባቴ። "ቆርቆሮ ሲንጫጫ ቅዳሴው አይሰማም።"

አስተርጓሚው ሲሄድ አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን፣ "አንቱ፣ ዝናቡ መቅደስ ገብቶ ሲቀድስሳ?" አሏቸው። ሰዉ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም።

መላ ያመጣች እናቴ ናት። "የእኔ ቤት ክዳን ይነሣ" አለች። ሌሎቹም ሴቶች ተከተሏት። እኛ ከከብቶቹ ጋር በረት ገባን። ሴቶቹ ሣሩን ተሸከሙ፤ ሽማግሎቹ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ ወጥተው እንደሆነላቸው ከደኑ። የቤት ክዳን ስንት ዘመን የምድጃ ጭስ እንደጠጣ ያሰበ አልነበረም። አሮጌ ሣር አንዴ ከተነሣ ተሰባብሮ ዝናብ እንደማይመልስም የሚያውቁት ጫካ ናቸው።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ባባራ ጊዜ ሄደን በሴቶች በር በኩል አየን። ጥላሸት የመሰለ ውኃ በእመቤታችን ሥዕል ላይ ወርዷል። አባቴ በነጠላቸው ጫፍ ጉንጯን ጠረግ ቢያደርጉት ቀለሙ አብሮ መጣ። እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ሰው ላኩ" አሉ በመጨረሻ። "ቆርቆሮውን ያምጡ።"

አዲሱ ክዳን አልቆ ሹሙ የመጣ ዕለት ቅጥሩ ውስጥ ተሰለፍን። እሱ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ እኛ ከፊቱ። እናቴ ወደ አባቴ ጠጋ ብላ፣

"ለታቦቱ ነው ብለው እጅ ይንሡ። ፊታችን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አይደል?" አለቻቸው በቀስታ።

"አይሆንም" አሉ። "ለቆርቆሮው ነው። ታቦቱን እዚህ ውስጥ አታስገቢ።"

ከሁሉ ቀድመውም እጅ ነሡ።