ጉታ፣ ሻምበሉና የማገጥ ቢራቢሮ

ጉታ ደግ ሰው ነበር የሚሉኝ አሉ። ኧረ ባካችሁ! ሣሩን ለሚረግጥ ሰው ምላሱ ከማጭዱ ይብስ ነበር። እኔን ራሴን አንዴ በመስኩ ሳቋርጥ ይዞኝ፣ «እናትሽ መንገድ የሚባል ነገር አላሳየችሽም?» ብሎኛል። ጎረቤቴ ስለነበር ቂም አልያዝኩበትም።

የሣርን ነገር ግን ያውቃል። መስኩ ከቁስቋም በታች፣ ጉለሌ ወንዝ ዳር ነው። ባለቤቱ አንድ ባላባት ነበሩ፤ የበቅሎዎቻቸውን ድርቆሽ የሚያሳጭዱት እዚያ ነው። በ1928 ዘምተው በዚያው ቀሩ። ሣር ጠባቂያቸው ጉታና ሚስቱ ብርቅነሽ መስኩ ጥግ ካለችው ጎጆ አልወጡም፤ ከሣሩ በቀር መተዳደሪያ አልነበራቸውማ።

አሠራሩን የወረሰው ካባቱ ነው። መስኩን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። አንዱን ያጭዳል፣ ባንዱ ላም ያስገባል፣ አንዱን ደግሞ ሳይነካ ይተወዋል። በየዓመቱ ያፈራርቃቸዋል። ለምን ትተወዋለህ ሲሉት «ማገጡ ዘሩን ይጣል፣ ትሉም ክንፍ ያውጣ» ይላል። ማገጥ እንግዲህ ያ ባለ ሦስት ቅጠሉ፣ ከብት የሚያወፍረው ነው። ረጅም ሣር ካልተቀነሰለት ታፍኖ ይሞታል። በዚያ ማገጥ ላይ ጥፍር የማታክል ሰማያዊ ቢራቢሮ ትኖር ነበር፤ ትሏ የሚያድገው ቅጠሉን በልቶ ነው። ጉታ ቢራቢሮዋን ወዷት እንዳይመስላችሁ። እሷ ካለች ማገጥ አለ፤ እሷ ከጠፋች ሣሩ ገለባ ነው። በቃ፣ እሱ የሚያውቀው ይህንን ነው።

በ1930 መስከረም ላይ አንድ የጣሊያን ሻምበል መጣ፤ የጦሩ በቅሎዎች ሐኪም ነው አሉ። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ስስ ጨርቅ አስሮ በመስኩ ላይ ቢራቢሮ ሲያሳድድ ዋለ። ወይ ጉድ! ያ የየካቲት እልቂት ገና ሰባት ወሩ ነው፣ ሳቅ ከየት መጣ እንዳትሉኝ፤ ሰው ሲጨንቀውም ይስቃል። ብርቅነሽማ «አገር መያዙ አልበቃው ብሎ አሁን ትል ሊማርክ!» አለች።

ሻምበሉ ሰማያዊዋን ሲያገኝ ተንበረከከ። እንደሷ ያለ ሌላ ቦታ አላየሁም፣ ልትጠፋ ነው፣ መትረፍ አለባት አለ። ወታደሮቹን ጠርቶ የመስኩን የላይኛውን ግማሽ በሽቦ አሳጠረ። ታችኛው ላይ ሳይደርስ ሽቦው አለቀ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ጎጃም ሂድ የሚል ትእዛዝ መጣበት። አስተርጓሚው አምኃ የሰፈራችን ሰው ነበር፤ ጣሊያንኛውን ከሚሲዮን ቤት ነው የቃረመው። ሻምበሉ ብዙ ተናገረ፣ አምኃ አሳጠረው።

«ስማ ጉታ፣ እስኪመለሱ ድረስ ጠብቅ ብለውሃል።»

ሻምበሉ ያለው፣ ቆይ፣ እኔ እስክመጣ ባልታጠረውም ቢሆን ማጭድም ላምም እንዳይገባ ነው። አምኃም «ጠብቅ» ሲል «ቆይ» ማለቱ ነበር። ግን ሣር ጠባቂን ጠብቅ ማለት ሥራህን ሥራ ማለት አይደለም እንዴ? በአፍ መፍቻው በኦሮምኛ «ኤጊ» ቢሉትም ያው ነው፤ እሱም መጠበቅም መቆየትም ነው። ጉታ «እሺ» ብሎ ማጭዱን ሳለ።

ሁለት ክረምት ጠበቀ። የታጠረውን ግማሽ ሽቦ ስላለበት አልነካውም። ታችኛውን እንደ ልማዱ አጨደ፣ አስጋጠ፣ ተወ።

ሻምበሉ በ1932 ጥቅምት ላይ ተመለሰ። የመጣው በማለዳ ነው፤ ጤዛው አልረገፈም፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ታችኛው መስክ ላይ ላሞች ይግጣሉ፣ ማጭዱ አጥር ላይ ተሰክቷል፣ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ቢራቢሮ የለችም። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ሃያ ጅራፍ ይገረፍ፣ ጎጆው ይፍረስ፣ ዛሬውኑ ከመስኩ ይባረር አለ።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ይጠብቁ» አለ ጉታ። «ቢራቢሮዋ ፀሐይ ሳትሞቅ አትነሣም። እዚሁ አለች።»

አምኃ ይህን በትክክል ተረጎመ። የቀድሞዋ «ጠብቅ» ምን እንዳመጣች የገባው ያን ጊዜ ነበር፤ ግን ጅራፉ ወደሱ እንዳይዞር ፈርቶ እውነቱን ዋጠው። ሻምበሉ «ሁለት ዓመት ጠበቅሁ!» ብሎ ጮኸና ጅራፍ የያዘውን አስካሪ ወታደር በእጁ ጠቀሰው።

አበስኩ ገበርኩ! እንዴት እንደገረፉት አልናገርም። ብርቅነሽ መሬት ላይ ወድቃ ቁስቋም ማርያምን ትጠራለች። አሥራ አራተኛው ጅራፍ ላይ ፀሐይ ከባሕር ዛፉ በላይ ወጥታ መስኩ ላይ አረፈች። መጀመሪያ አንዲት፣ ቀጥሎ አምስት ስድስት፣ ከዚያ በላሞቹ እግር መካከል ሰማያዊው ሁሉ ተነሣ።

ሻምበሉ እጁን አነሣና ግርፋቱ ቆመ። ሮጦ ወደታጠረው ገባ። ሣሩ ደረት ደርሶ፣ እርስ በርሱ ተደራርቦ ሻግቷል። ማገጥ የለ፣ ቢራቢሮ የለ። ሲመለስ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። አምኃ ያኔ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሳጥሬ ነው የነገርኩት» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሻምበሉ ሽቦው እንዲነሣ፣ ሰውዬውም እንደሚያውቀው እንዲሠራ አዘዘና ሄደ። አጥፍቻለሁ አላለም። እስከዛሬ ያቃጥለኛል።

ጉታ አሥራ አምስት ቀን በሆዱ ተኛ፤ ሣሩን ያጨደችው ብርቅነሽ ናት። መስኩ በእጃቸው ቀረ። ጣሊያን ሲወጣ ሽቦው የሰፈሩ ሰው ልብስ ማስጫ ሆነ፤ ማገጡም ቀስ በቀስ ወደ ላይኛው ግማሽ ተመለሰ፣ ቢራቢሮዋም ተከተለችው።

ካረጀ በኋላ አንድ ቀን ያን ሻምበል ታስበዋለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ማጭዱን መሳሉን ሳያቋርጥ መለሰልኝ።

«ጠብቅ ቢለኝ ሁለት ክረምት ጠበቅሁለት። እኔ ጠብቅ ብለው ግን ፀሐይ እስክትወጣ እንኳ አልጠበቀኝም።»