ያደረ ቤንዚን

በረዶ መጥረጊያ ማሽን የሚጠገነው በረዶ ሳይመጣ ነው። ይህን ለማስረዳት ስንቴ አፌን እንዳደከምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በምንኖርበት ከተማ፣ ኮሎምበስ ውስጥ፣ ሰዉ ማሽኑ ትዝ የሚለው በረዶው ደጁን ሲዘጋበት ነው፤ ያን ጊዜ ገመዱን ሲጎትት ይውላል፣ ሞተሩ ዝም ይላል፣ ከዚያ የሠራውን ፋብሪካ ይራገማል። የእኔ ማሽን ግን ገና ስጎትተው ይነሳል። ጉራ አይደለም። ጉራም ከሆነ የለፋሁበት ጉራ ነው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ከምሠራበት ዌርሀውስ እረፍት በሆንኩበት ቀን ጋራዡን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ዘይት እቀይራለሁ፣ ካንዴላውን ፈትቼ እወለውላለሁ፣ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ በጣቴ ገፋ አድርጌ አያለሁ። ቤንዚን ግን አልሞላም። የበረዶው ወራት ሲያልቅ ታንኩ ውስጥ ያለውን ጠጥቶ እስኪጨርስ አስነስቼ ነው ባዶውን የማስቀምጠው። የምሞላው በረዶ ሊጥል ነው ሲባል፣ ያውም ከማደያ በቅርቡ የተቀዳ ነው። ቤንዚን እንደ ወጥ ነው፤ ሲያድር ይበላሻል። የተበላሸው ደግሞ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን፣ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚያልፍባትን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናታል።

ቤታችን ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ፣ በአንድ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ጋሼና እትዬ ይኖራሉ፤ ባልና ሚስት ናቸው፣ በዕድሜ ወላጆቼ ይሆናሉ። ጋራዡና የመኪና መውጫው የጋራችን ነው። እትዬ ኩላሊታቸው ከደከመ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ዳውንታውን አካባቢ ለእጥበት ይሄዳሉ፤ የሚያመላልሷቸው ጋሼ ናቸው። ማሽኑን የገዛሁትም ለዚሁ ነበር፤ በረዶ ጣለ ተብሎ እትዬ ከእጥበት እንዳይቀሩ።

ኮሮና በገባ በዓመቱ ግድም፣ ፌብሩዋሪ ላይ፣ ትልቅ በረዶ ይጥላል ተባለ። ከሥራ ስመለስ ቤንዚን ገዝቼ መኪናዬ ውስጥ አስቀመጥኩና ጠዋት እሞላለሁ ብዬ ተኛሁ። ሲነጋ ጋራዡን ብከፍት ውጪው ነጭ ብቻ ሆኗል። የከተማው መኪና መንገዱን ሲጠርግ የገፋው ክምር መውጫችን ላይ ጠጥሮ ቆሟል፤ በአካፋ የሚሞከር አይደለም። እትዬ ካፖርታቸውን ለብሰው በመስኮት ያያሉ። ጋሼ ደስ ብሏቸው መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ታንኩ ባዶ ነበር እኮ! ማታ ሞላሁልሽ።»

ድንግጥ አልኩ። «ከየት አምጥተው?»

«ከጀሪካኔ ነዋ!»

ገመዱን ጎተትኩ። ማሽኑ ትንሽ ሳል ሳል አለና ጠፋ። ደጋግሜ ብጎትትም ያው ነው። የታንኩን ክዳን ከፍቼ አሸተትኩ፤ የቤንዚን ሽታው ጠፍቶ ቀለም ቀለም ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ መቼ የተገዛ ነው?»

«ሎክዳውኑ የታወጀ ጊዜ።»

ተናደድኩ። «በየማዕዘኑ ማደያ ባለበት አገር ጀሪካን የሚያስቀምጥ ማን አለ?» አልኩ፤ ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ እትዬ ከመስኮቱ ዞር አሉ። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩና ቀስ ብለው፣ «አፖይንትመንቷ ሊያልፍ ነው። ለእጥበቱ ክፍል ኮል ባደርግላቸው፣ ዛሬ ካለፋት ቦታ ያለን ከነገ ወዲያ ነው አሉኝ» አሉ። ከነገ ወዲያ እስኪደርስ እትዬ ምን እንደሚሆኑ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ዘልለው እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው አይተናል።

ንዴቴን ትቼ ቁልፍ አነሳሁ። ይህን ሞተር እኔ አውቀዋለሁ፤ ማድረግ ያለብኝንም አውቃለሁ። ታንኩን ሳፋ ላይ አራገፍኩ፣ የካርቡራተሩን ሥር ፈታሁ፣ የተጣበቀውን ጠረግኩ፣ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ መጎርጎር ጀመርኩ። ብርዱ ጣቴን ያደነዝዘኛል። ጋሼ ባትሪ እያበሩልኝ ማውራት ጀመሩ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

«እኔ በደርግ ጊዜ ታክሲ ነጂ ነበርኩ። ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ ማደያ ሰልፍ ላይ አድሬ ሳይደርሰኝ የተመለስኩበት ቀን አለ። እዚህ ደግሞ ያን የሎክዳውን ሰሞን ሱቁ ባዶ ሆነ፣ ሶፍት እንኳ ጠፋ። ነገ ቤንዚን ቢጠፋ እሷን በምን ልወስዳት ነው አልኩ። ለማሽን ብዬ አይደለም ያስቀመጥኩት። ለሷ ነው።»

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። በጮህኩት አፈርኩ፤ እጄ ግን አልቆመም። ቀዳዳዋን በብርሃን አይቼ መከፈቷን አረጋገጥኩ፣ ገጠምኩ፣ አዲሱን ቤንዚን ሞላሁ፣ ጎተትኩ። ተነሳ! ጋሼ «ተመስገን!» ብለው ባትሪውን መሬት ላይ ጣሉት። ማሽኑ ክምሩን ከዳር እስከ ዳር እየበላ ወደ ጎን ተፋው። እትዬ በር ላይ ሲደርሱ መንገዳቸው ተከፍቶ ነበር። መኪናው ውስጥ ሲገቡ፣ «ባሌን ሁለተኛ እንዳትቆጪ» አሉኝ፤ እየሳቁ ነው። በሰዓቱ ደረሱ።

ከዚያ ወዲህ ጀሪካኑን ይድፉት ብዬ አላውቅም። ወር በገባ ቁጥር ውስጡ ያለውን ወደ መኪናዬ እገለብጥና አዲስ ሞልቼ ጋራዡ በር አጠገብ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ጋሼም የማሽኑን ታንክ አይነኩም። በእጥበት ቀን እትዬን ደግፈው መኪና ውስጥ ያስገቡና፣ ወደ መሪው ሲዞሩ ጀሪካኑን በእግራቸው ገፋ ያደርጉታል። ክብደቱ ሲሰማቸው ይሄዳሉ።